ሐጂ ሸኩር ጠርተዋችኋል

ጅማ ውስጥ አፊፋን በድምፅ የማያውቅ ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው ታሟል። በመልክ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማይክ ጨብጣ፣ መጀመሪያ በጋሪ ኋላም በባጃጅ ከተማውን ስትዞር፣ ሰዉ የሚያየው ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦና በመካከላቸው ብቅ የሚል አረንጓዴ ሻሽ ብቻ ነበር። "ዛሬ! ዛሬ! ዛሬ! በስምንት ሰዓት!" ስትል ከአጂፕ እስከ ቆጪ ይሰማል። ቤቷ ስትገባ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ድምፅ የላትም። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ባሏ ሳዲቅ ገበታ ላይ አንዱን ነገር ሦስቴ ሳያስደግማት አይሰማትም።

ሳዲቅ የሐጂ ሸኩር ሲኒማ አዳራሽ የማሽን ሠራተኛ ነው፤ ፊልሙን የሚያጫውተው እሱ ነው። እሷ ሰው ትጠራለች፣ እሱ ፊልም ያሳያል። የተዋወቁት እዚያው፣ የተጋቡት እዚያው፣ ሦስት ልጅ ያሳደጉትም በዚያው አዳራሽ ነው። አንዳቸውም ሌላ ሥራ አያውቁም። ለመልመድም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍላጎቱ አልነበራቸውም።

ከዚያ ያ የተረገመ ኮሮና መጣ። መጋቢት 2012 አዳራሹ ተዘጋ፤ ሳዲቅ ማሽኑን በአንሶላ ሸፍኖ ቤቱ ገባ፤ አፊፋ ባጃጇን ግቢ ውስጥ አቆመች። አንድ ሳምንት አልሞላትም፣ ስለ በሽታው ሕዝብ የሚያስተምሩ ሰዎች መጡና "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ድምፅሽን ነው የምንፈልገው" አሏት። እሷም ደስ አላት። ለሀገር ነዋ!

ስህተቱ ምን መሰላችሁ? አፊፋ የምታውቀው ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የፊልም። ኮሮናንም እንደ ፊልም አስተዋወቀችው። መጀመሪያ ያቺን የጦርነት ፊልም ሲመጣ የምታስጮሃትን ከበሮና ጥሩምባ ትለቃለች፤ ከዚያ "መጣ! መጣ! መጣ! በዓይን የማይታይ! በር የማያንኳኳ! ዛሬስ ማን ቤት ይገባ ይሆን?" ትላለች። ልጅ በእናቱ ቀሚስ ስር ይገባል። ይሄ ሳያንሳት ሰዉን በየመንገዱ ለይታ ትጠራ ጀመር። "አንቺ ባለ ቢጫ ጃንጥላ! ማስክ ለአገጭ አይደለም የተሠራው!" "አባ! አዎ፣ እርስዎን ነው! ራቅ ይበሉ፣ ማሎ፣ እባክዎ!" ግንቦት ላይማ ጊንጆ ጉዱሩ ሠፈር የሙሽራ አጃቢ አገኘችና በሞንታርቦ በተነችው። ሙሽሪት ከአንድ ሚዜ ጋር ቀረች ይባላል። አፊፋ ይሄን ሲያነሱባት እስከ ዛሬ ፊቷን በሻሽ ትሸፍናለች።

ሥራዋን ግን ሠራች፤ ማንም አይክዳትም። ስንት ሰው በእሷ ጩኸት ቤቱ ተቀመጠ፣ ስንቱ እጁን ታጠበ! አላህ ይስጣት።

ጥቅምት 2013 መጣ። ሲኒማ ቤት ሰው አራርቆ እንዲከፍት ተፈቀደ። ሐጂ ሸኩር ግን አዳራሹን ለመክፈት አልቸኮሉም። ቡና መድረሱ ነበር፤ ሰቃም ሌላውም ወረዳ ቀዩ ፍሬ ከቅርንጫፉ ላይ መለቀም ጀምሯል፤ ኩመራ የሚባለው ቡና ነጋዴ ደግሞ መጋዘን አጥቶ በየቀኑ ይመላለስባቸው ነበር። "ሐጂ፣ ሰው ከእንግዲህ ሲኒማ አይገባም። ስልኩ ላይ ያያል። አዳራሹን ለእኔ ያከራዩኝና ወንበሩን አውጥቼ ቡናዬን ልደርድር።" ሐጂ "እስቲ ላስብበት" ይሉታል። ሐጂ እስቲ ላስብበት አሉ ማለት ደግሞ ግማሽ እሺ ማለት ነው።

በዚህ መሀል ነው ከአዲስ አበባ ስልክ የተደወለው። "ሰባት ገደል" የሚባል ትልቅ ፊልም ነበር። መኪና ከገደል ይወረወራል፣ ድልድይ ይፈርሳል፣ ፍቅር አለ፣ ለቅሶ አለ፤ ያልፈሰሰበት ገንዘብ የለም። ኮሮና ከመግባቱ በፊት አልቆ ስምንት ወር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሌላው ባለ ፊልም ፈርቶ ይጠብቃል፣ ወይ ኢንተርኔት ላይ ጥሎ ይገላገላል። የዚህ ባለቤት ግን ልበ ደፋር ነው። "በየከተማው በአንድ ቀን አወጣዋለሁ! ጅማም ከአዲስ አበባ እኩል!" አለ።

ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጅማ ፊልም የሚደርሰው አዲስ አበባ ከሰለቸው፣ በፍላሽ ተገልብጦ ተማሪው ስልኩ ላይ ሦስቴ ካየው በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ እኩል? ሳዲቅ ሲሰማ ማሽኑ ላይ ያለውን አንሶላ ገፎ አራገፈው፤ አቧራው አስነጠሰው፤ ሲያስነጥሰው ደግሞ አፊፋ ከልማድ "ራቅ በል!" አለችው። በሳቅ ሞቱ።

ሐጂ ሸኩር ግን አልሳቁም። "አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሦስት ቀን እሰጣችኋለሁ" አሉ። "የተፈቀደልን ወንበር እስከ እሑድ ከሞላ፣ ሲኒማ ሆኖ ይቀጥላል። ካልሞላ ሰኞ ቁልፉን ለኩመራ እሰጣለሁ። እኔም አርጅቻለሁ ልጆቼ፤ ባዶ ወንበር ማየት ሰልችቶኛል።"

ነገሩ ይሄው ነው። ወይ ሲኒማ፣ ወይ መጋዘን። አፊፋ ወንበሮቹን በቃጫ አስራ አራራቀች። አንድ ቤተሰብ አብሮ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ያለው ወንበር ይታሰራል። በር ላይ የውሃ ሮቶ አስቆመች፣ ሳሙና አሰረች። ረቡዕ ጠዋት ባጃጇን አስነስታ፣ ልቧ በደስታ እየዘለለ፣ ማይኳን ጨብጣ ወጣች።

ከበሮውንና ጥሩምባውን ለቀቀች። ሌላ ዘፈን አልነበራትም! "መጣ! መጣ! መጣ!"

እናንተዬ፣ ያኔ የሆነውን ብታዩ! ገበያው እንደተነካ ቀፎ ሆነ። ሴቱ ልጁን እየጎተተ ወደ ቤት፣ ባለ ሱቁ መዝጊያውን ጓ! አንዱ ሽማግሌ ከርቀት እጃቸውን በሳሙና እያሹ "ደግሞ ተመለሰ እንዴ? ያ ረቢ!" ይላሉ። አፊፋ "አይ፣ አይ! ፊልም ነው! ኑ! ኮታ!" እያለች በጮኸች ቁጥር ሰዉ ይብስ ይሮጣል። ማን ይስማት! ድምጿን ሲሰማ እግሩ ራሱ ነው የሚሮጠው፤ ስምንት ወር ያስለመደችው እሷ ናት። ሐሙስም ያው ነው። አንዲት እናት "ድምፅሽን ስሰማ ራሱ ጉሮሮዬን ያመኛል" አለቻት።

አርብ ዘጠኝ ሰው ገባ። ከዘጠኙ ሁለቱ ዝናብ እስኪያባራ ነው። ሳዲቅ ያንን ሁሉ ድልድይ ለዘጠኝ ሰው አፈረሰው።

አፊፋ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ባጃጇን አቆመችና ሞንታርቦውን አየችው። ጠላችው። "በገዛ አፌ ነው ቤቴን የዘጋሁት" አለች፣ በዚያች ትንሽ ድምጿ። ሳዲቅ አጠገቧ ተቀመጠ። "የመኪናዎቹን ድምፅ ግን ብትሰሚው... ወላሂ አሪፍ ነው" አለ። አባባሉ አንጀቷን በላው።

ቅዳሜ ጠዋት ማስክ ልትገዛ በእግሯ ጊንጆ ጉዱሩ ወረደች። ተናኘ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ ከጎጃም መጥታ ጅማ ከከረመች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ በመስፋት የታወቀች። ዘንድሮ ግን ከማስክ በቀር የሰፋችው ነገር የለም። አፊፋ በዚያች ሹክሹክታዋ ሰላም ስትላት ተናኘ ማን እንደሆነች አላወቀችም። ወንበር ሰጠቻትና የሆዷን ታወራት ጀመር።

"አይዞሽ ቁጭ በይ እህቴ፣ ሰው ናፍቆኛል። ታውቂያለሽ? ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ፣ አንድ ሰው ደጄ መጥቶ 'ተናኘ፣ ተጠርተሻል' ያለኝ የለም። ሠርግ የለም፣ ማኅበር የለም። ቀሚሶቼን ብል ሊበላቸው ነው። ለለቅሶም ቢሆን የሚጠራኝ ባገኝ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የምሄደው!"

አፊፋ ማስኩን ትታ ብድግ አለች።

የእኛን አገር ሠርግ ጥሪ ታውቃላችሁ። ካርድ የሚሉት ነገር ለቢሮ ሰው ነው። ሠፈር ውስጥ ጠሪ ናት የምትላከው፤ ደህና ልብስ ለብሳ፣ በር በር እየዞረች፣ ቆማ የምትናገር። አትቀመጥም፤ አንዱ ቤት ከተቀመጠች ሁሉም ቤት መቀመጥ አለባት። በራሷ ስምም አትጠራም። "እገሌ ጠርተዋችኋል" ትላለች፤ በቃ። እንዲህ ተጠርቶ የቀረ ሰው፣ ሞቶ ካልሆነ፣ ምክንያት የለውም።

ስለዚህ አፊፋ ከተናኘ በር ወጣ ብላ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንደገና በሩን አንኳኳች። ተናኘ ግራ ገባት።

"ሐጂ ሸኩር ጠርተዋችኋል" አለች አፊፋ። "ነገ እሑድ፣ በስምንት ሰዓት፣ በአዳራሻቸው። ፊልም ነው። ቤተሰብሽን ይዘሽ፣ ማስክሽን አድርገሽ ነይ ብለውሻል።"

ተናኘ ፊልም የሚለውን ሰምታለች፤ አልሰማሁም አትልም። ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔን? በስሜ?" አለች። "በስምሽ" አለች አፊፋ። ውሸት ነበር፤ ሐጂ ተናኘ የምትባል ሴት መኖሯንም አያውቁም። አላህ ይቅር ይበላት።

ከዚያማ ማን ያቁማት! ቤቷ ተመልሳ የኢድ ቀሚሷን ለበሰች። ጊንጆ ጉዱሩን በር በር ዞረችው። ቆማ ትናገራለች፣ አትቀመጥም፣ ትሄዳለች። አንድም ሰው ያቺ የሞንታርቦዋ አፊፋ መሆኗን አላወቀም። እንዲያውም አንዲት ባልቴት ሸኝተዋት ሲመለሱ "እንዴት ያለች ጨዋ ናት! እንደዚያች ባለ ባጃጅ አትጮህም" አሉ አሉ። ከሰዓት በሚኒባስ ሰቃ ሄደች፤ እዚያ በኦሮምኛ ጠራች፣ "ሐጂ ሸኩር ጠርተዋችኋል፣ ኮታ" እያለች። ደዶ ድረስ ለመሄድ ጊዜ ስላልነበራት ገበያ ላይ ያገኘቻቸውን የደዶ ድንች ሻጮች ጠርታ "ለጎረቤትም ንገሩ" አለቻቸው። ስትመለስ እግሯ አብጧል፤ የቅዳሜውም ተመልካች ከአርቡ አልተሻለም ነበር። ሳዲቅ በሳፋ ውሃ እግሯን እያጠባት "ሐጂ ያውቃሉ?" አላት። አላወቁም። እሷም ትዝ ያላት ያኔ ነው።

እሑድ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሐጂ ሸኩር ከኩመራ ጋር አዳራሹ በር ላይ ደረሱ። ኩመራ ሜትር ይዟል፣ ወለሉን ሊለካ። ሐጂ የሰፈር ልብሳቸውን ነው የለበሱት። አፊፋ ሮቶው አጠገብ ቆማለች። ገና "ሐጂ፣ አንድ ነገር..." ስትል መንገዱ ላይ ድምፅ ተሰማ።

እልልታ ነው።

መጀመሪያ ተናኘ ብቅ አለች፣ ባሏንና አራት ልጆቿን አስከትላ። ወርቅማ ቀሚስ ለብሳ፣ ማስኩን ከዚያው ጨርቅ ሰፍታ! ከኋላዋ የጊንጆ ጉዱሩ ሰው፣ ቤተሰብ ቤተሰብ ሆኖ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ተኳኩሎ። ፊልም ነው ተብለዋል፤ አዎ። ግን እንደ ሠርግ የተጠራ ሰው እንደ ሠርግ ነው የሚመጣው። ደግሞስ ስምንት ወር ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ቀሚስ ሌላ መቼ ይለበስ?

ባዶ እጁንም የመጣ የለም። ትኬቱን በመስኮት ይቆርጥና ወደ ሐጂ ይዞራል። ስኳር፣ ማር፣ ሳሙና። አንዲት ነርስ አንድ ጀሪካን ሳኒታይዘር ይዛ መጣች። የደዶ ሰዎች ድንች በጆንያ አውርደው በር ላይ አቆሙ። እጅ መጨባበጥ ስለሌለ ሁሉም መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ "ሐጂ፣ ማሻአላህ! እንኳን ለዚህ አበቃዎ!" ይላል።

ሐጂ ሸኩር ምን ይበሉ? ማንን ነው የዳርኩት ብለው ይጠይቁ? እንግዳ ደጃቸው ላይ ቆሟል። የጅማ ሰው ናቸው! መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና "አሚን፣ አሚን፣ ግቡ፣ ኖር ግቡ" ማለት ጀመሩ። ኩመራ አጠገባቸው ስለቆመ ሰዉ የቅርብ ዘመድ መሰለው፤ ስጦታውን እሱ ላይ ይከምርበታል። ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ማር ተቀበለ። በመጨረሻ አንድ የሰቃ ሽማግሌ "ያዝ ልጄ" ብለው አንድ ቀይ ዶሮ አስታቀፉት። የት ያስቀምጠው? ታቅፎት ቆመ።

የተፈቀደው ወንበር በሩብ ሰዓት ሞላ። የተረፈው ሰው ደግሞ ከገባው ይበልጣል! አፊፋ የተረፉትን ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ አራርቃ አስቀመጠቻቸውና "ለእናንተ በአሥር ተኩል" አለች። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሠርግ ላይ ሁለተኛ ዙር ያለ ነው።

የአዳራሹ መብራት ጠፋ። ሳዲቅ ማሽኑን ለቀቀው። የመጀመሪያዋ መኪና ከገደል ስትወረወር አዳራሹ በአንድ ድምፅ "ውይ!" አለ። ድልድዩ ሲፈርስ የሰቃው ሽማግሌ ተነስተው "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" እያሉ ሾፌሩን ሲመሩት አፊፋ መጥታ አስቀመጠቻቸው። ሳዲቅ በማሽን ክፍሏ ቀዳዳ እነሱን ያያል እንጂ ፊልሙን አላየም፤ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል። በመጨረሻ ልጅቱ እናቷን ስታገኝ አዳራሹ ሙሉ በማስኩ ውስጥ ተነፋረቀ። ሲያልቅ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

ሰዉ ወጥቶ ዛፉ ስር ያሉት ከመግባታቸው በፊት፣ ሐጂ ሸኩር አፊፋን ጠሯት። ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ኩመራ ዶሮውን እንዳቀፈ ከጎናቸው ነው።

"አንቺ ነሽ?" አሏት።

"እኔ ነኝ ሐጂ። ይቅር ይበሉኝ። ሳላስፈቅድዎ በስምዎ ጠራሁ።"

ሐጂ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ሰኔ ላይ ወንድሜን ስቀብር ስምንት ሰው ነበርን" አሉ። "ሰው እንዳይመጣ ብዬ በሬን የዘጋሁት እኔው ነኝ፤ ለሰዉ ብዬ። ከዚያ ወዲህ ግን ደጄን የረገጠ አልነበረም። ሰው የረሳኝ መስሎኝ ነበር ልጄ። ዛሬ ሰው መጣልኝ።"

ኩመራ ጣልቃ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቡናው ደርሷል። "ሐጂ... የነገውስ ቁልፍ?"

"የምን ቁልፍ?" ሐጂ ሸኩር ዞር ብለው አዩት። "ሰው ጠርቼ፣ ሰው ለብሶ መጥቶልኝ፣ በዘመድ ወዳጅ ፊት እልል ተብሎ የዳርኩትን አዳራሽ ነገ ጆንያ ልደርድርበት? ምን ፊት ይዤ ነው ገበያ የምወጣው? ሂድ፣ ሌላ መጋዘን ፈልግ። ለአሥር ተኩሉ ደግሞ ሚስትህን ይዘህ ና።"

ኩመራ ዶሮውን አየ፣ ሐጂን አየ፣ ሳቁ አመለጠው። "እሺ ሐጂ" አለ። "እውነቱን ለመናገር እኔም የሚጠራኝ አጥቼ ነው የከረምኩት።"

ሐጂ ግን ገና አልጨረሱም፤ ጣታቸውን አፊፋ ላይ ቀሰሩ።

"አንቺ ደግሞ መጥራትሽ ካልቀረ ሁሉንም አትጠሪም? የቆጪ ሰው 'እኛን ዘለሉን' ብሎ ተቀይሞኛል አሉ። ፊልሙን እኔ ደውዬ አስረዝማለሁ። ነገ ጠዋት ሄደሽ በስሜ ይቅርታ ጠይቂልኝና ጥሪያቸው።"

አፊፋ "እሺ ሐጂ" አለች። እዚያው ደረጃው ላይ በኢድ ቀሚሷ ዘጭ ብላ፣ እየሳቀች አለቀሰች።